ስለ ቀረጥ ፋብሪካዎቹ ይጠየቁ

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትንም በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ገበያ መክፈት ክርክር በተነሳ ቁጥር የምሰማው ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ «ፋብሪካዎቻችን ያልቃሉ» ይላል፤ ሌላው «ውድድር ያጠነክራቸዋል» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ ብለው የሚጠቅሱት አገራዊ ድምሩን ነው፤ ከወጪ ንግድ ይህን ያህል ተገኘ፣ ለገቢ ንግድ ይህን ያህል ወጣ። ከድምሩ ውስጥ ግን የትኛው ፋብሪካ ለምን እንደበረታ፣ የትኛውስ ለምን እንደተዘጋ ማንበብ አይቻልም። ለዚያ ፋብሪካ በፋብሪካ፣ ዓመት በዓመት የተሰበሰበ መረጃ ያስፈልጋል።

ላኪ ፋብሪካዎች ከማይልኩት የበለጠ ምርታማ እንደሆኑ በብዙ አገር ታይቷል። መላካቸው ነው ያበረታቸው ወይስ ድሮም ብርቱ ስለነበሩ ነው የላኩት? ጥያቄው የመንግሥት ገንዘብ ጥያቄ ነው። ቀድሞውንም ብርቱ ከነበሩ፣ ለላኪ የሚሰጠው ማበረታቻ ያለ ማበረታቻም ይልክ ለነበረው ሰው ሲሳይ ይሆናል።

በእኔ ግምት ይህን ከሁሉ አጥርቶ የመለሰው ዴቪድ አትኪን፣ አሚት ካንደልዋልና አደም ኦስማን በግብፅ፣ በፉዋ ከተማ ያደረጉት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ፉዋ በእጅ ሽመና ምንጣፍ የሚሠራባት፣ ጥቂት ጥቂት ሰው የሚሠራባቸው ትንንሽ ቤቶች የሞሉባት ከተማ ናት። ተመራማሪዎቹ ሸማኔዎቹን በዕጣ ለዩና ለአንዱ ወገን በሀብታም አገሮች ላሉ ገዢዎች የመሸጥ ዕድል አመቻቹ። ዕጣ ስለሆነ «ድሮም ብርቱ ነበሩ» ማለት አይቻልም። ዕድሉ የደረሳቸው ሸማኔዎች ትርፍ ከ16 እስከ 26 በመቶ ጨመረ። በአንድ ሰዓት የሚሸምኑት ስፋት ግን ቀነሰ! እዚህ ላይ ያቆመ ሰው የውጭ ንግድ ምርታማነትን ገደለ ብሎ ይጽፍ ነበር።

እነርሱ አላቆሙም። ሸማኔዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ቤት ጠርተው፣ በአንድ ዓይነት መሸመኛና በአንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት ምንጣፍ አሠሯቸው። ለውጭ ገበያ የሠሩት ሸማኔዎች ምንጣፍ በጥራት በለጠ፤ የፈጀባቸው ጊዜም ከሌሎቹ አልረዘመም። በሰዓት የሚሠሩት የቀነሰው የውጭ ገዢ የሚፈልገው ሽመና ጊዜ ስለሚወስድ ነበር። እጃቸው ግን ተምሯል። ጥራታቸው የጨመረውም በተለይ ገዢው ከሸማኔዎቹ ጋር በሚያገናኘው ነጋዴ በኩል አስተያየት በሰጠባቸው ነገሮች ላይ ነው። ይህን የትኛው የጉምሩክ ድምር ይነግረናል?

ወደ አገራችን ልምጣ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን፣ በኃይል በሚንቀሳቀስ ማሽን የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ቆጥሯል። ይህ ለአፍሪካ ብርቅ ሀብት ነው። አርኔ ቢግስተንና ሙሉ ገብረኢየሱስ በዚህ መረጃ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለቱም መልስ በአገራችን እውነት መሆኑን አሳዩ፤ ብርቱዎቹ ወደ ውጭ ገበያ ይገባሉ፣ ከገቡም በኋላ ይማራሉ። ማንስ ሶደርቦምን ጨምረው ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በግብዓት ላይ ያለው ቀረጥ ሲቀንስ ምርታማነት እንደጨመረ አገኙ። ተፎካካሪ በሆነው ያለቀለት ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ ሲቀንስ ግን ይህ ውጤት አልታየም። በኢንዶኔዥያም አሚቲና ኮኒንግስ የግብዓት ቀረጥ በአሥር የመቶኛ ነጥብ ሲወርድ ግብዓት የሚያስመጡ ፋብሪካዎች ምርታማነት 12 በመቶ እንዳደገ ጽፈዋል።

እንግዲህ የጫማ ፋብሪካን አስቡ። ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ የስፌት ማሽኑ መለዋወጫ ከውጭ ይመጣል። በሶል ላይ የሚጣል ቀረጥ ለሶል አምራቹ ከለላ ነው፤ ለጫማ ሠሪው ቅጣት ነው። «ቀረጥ ይቀነስ ወይስ ይጨመር» የሚለው የጅምላ ክርክር ይህን አያየውም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በድምር ብቻ መፍረድ ይበልጥ አሳሳች ሆኗል። የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በብር የሚለካ ሽያጭ አንድም ጫማ ሳይጨምር ሊያብጥ ይችላል። ያንን ዕድገት ብሎ መቁጠር ከባድ ስህተት ነው። የፋብሪካ ቆጠራው ግን የተመረተውን መጠንና ዋጋውን ለየብቻ ስለሚጠይቅ ሁለቱን መለየት ይቻላል።

ገበያ መክፈት ሰው እንደሚጎዳም አልደብቅም። ኒና ፓቭችኒክ በቺሊ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 ያሉትን ፋብሪካዎች ስታጠና፣ ከጠቅላላው የምርታማነት ዕድገት ሁለት ሦስተኛው ያህል የመጣው ሀብትና ምርት ከደካማ ፋብሪካ ወደ ብርቱው በመዞሩ ነበር። በዚያ ዝውውር ውስጥ የተዘጉ ፋብሪካዎችና ሥራ ያጡ ሰዎች አሉ። ከተዘጋው ፋብሪካ የወጣችው ሠራተኛ የት ደረሰች የሚለውን መከታተል የፖሊሲ አውጪው ግዴታ ነው፤ ያለ መረጃ ግን አይፈጽመውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የፋብሪካዎቹ ስም ተሰርዞ፣ ምስጢራቸው ተጠብቆ፣ የቆጠራው መረጃ ሳይዘገይ ለተመራማሪ ይከፈት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የፋብሪካ ቆጠራው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይገናኙ። የቀረጥ ቅነሳ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም በእያንዳንዱ ዕቃ አንጻር ያንን ዕቃ በግብዓትነት የሚጠቀሙት ፋብሪካዎች ስንት እንደሆኑና ስንት ሠራተኛ እንዳላቸው ጽፈው ይቅረቡ።