ሽፍታው ውሃ የሚጠጣው ከየት ነው?



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ሐሙስ ማታ፣ ከዒሻ በኋላ፣ ሦስት ቀን የለፋሁበት የበረሃ ጉዞ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ጓደኞቼ በምናብ በረሃ ሲያቋርጡ የግመል ቅፍለት ያገኛሉ፤ ነጋዴ መስለው የቀረቡት ስድስት ሰዎች ሽፍቶች ሆነው ይገኛሉ፤ ሰይፍ ይመዘዛል፤ ሽፍቶቹ ይሞታሉ፤ ግመሎቹ ይወሰዳሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ሻይ ተቀዳ። ከመካከላችን የአፋር ልጅ የሆነው ወንድማችን ብቻ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ «እነዚህ ሽፍቶች ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጠለና «ደግሞ ስማቸው ለምን የኛ ስም ሆነ?» አለ። ለዚህም አልነበረኝም። ስሞቹን ከአንድ የተዘጋጀ የጨዋታ መጽሐፍ ላይ ሳላስብ ነበር የገለበጥኳቸው።

ለማያውቀው አንባቢ፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ታሪኩ እዚያው በአፍ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ካወጡት «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ወዲህ በዓለም የተስፋፋ ጨዋታ ነው። ተራኪው አስቀድሞ ከሚያዘጋጃቸው ነገሮች ዋናው ገጠመኝ ነው፤ ማለትም ተጓዦቹ መንገድ ላይ ማንን እንደሚያገኙ።

«ዳይሱስ?» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ነርድ የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል። እኛ ዳይሱን ሙሉ በሙሉ ትተነዋል። በምትኩ እያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ፍሬ ሽምብራ ይይዛል፤ ከባድ ነገር ለመሥራት ሲፈልግ ከሽምብራው ይከፍላል፤ ያለቀበት አቅም የለውም ማለት ነው። ዕድል የለም፣ ገንዘብም የለም። (አንድ ጊዜ አንዱ በወሬ መሐል ሽምብራውን ቆርጥሞ ጨርሶታል። በበረሃም የሚሆነው ይኸው ነው ብለን አለፍነው።)

አሁን ወደ ሐሳቤ ልግባ። የቅፍለት ገጠመኝ የሚያዘጋጅ ተራኪ ሽፍታውን ለመጨረሻ ያቆየው። መጀመሪያ ስለ ውሃና ስለ አማና ያስብ። ይህን የምለው ለጨዋታው ጥፍጥና ብቻ ብዬ አይደለም። በብዙዎቹ የተዘጋጁ መጻሕፍት በረሃ ማለት ጥምጣም፣ ጠማማ ሰይፍ፣ ባሪያ ፈንጋይና ቀማኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «አል-ቃዲም» ከሌሎቹ ይሻላል፤ ለእንግዳ አቀባበልና ለክብር ቦታ ሰጥቷል፤ ቢሆንም የቀዳው ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችና ከሆሊውድ ፊልሞች ነው። የሌላውን ለሌላው ልተወውና፣ እኔን የሚቆጨኝ የራሴ መገልበጥ ነው። በሱረቱ ቁረይሽ የብርድና የሙቀት ወቅት ጉዞ እንደተወሳ እያወቅሁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የኸዲጃን (ረ.ዐ) ንግድ ይዘው ወደ ሻም እንደወረዱና ኸዲጃን ያስደነቃቸው ታማኝነታቸው እንደነበር እያወቅሁ፣ በአገሬም የጀበርቲ ሲራራ ነጋዴ ለዘመናት ከገበያ ገበያ እንደተመላለሰ እያወቅሁ፣ የቅፍለት ሰው ሲባል ወደ አእምሮዬ የመጣው ሽፍታ ነበር።

ታዲያ ከየት እንቅዳ? እኔ ኢብን በጡጣን አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1352 ከሲጂልማሳ ተነሥቶ ሰሐራን ሲያቋርጥ ያየውን የሚያህል የገጠመኝ ማዕድን አላውቅም። በ25 ቀን ተጋዛ ይደርሳሉ፤ ቤቱም መስጊዱም በጨው ድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው የግመል ቆዳ፣ ዛፍ የሚባል የሌለበት፣ ውሃው ጨዋማ የሆነ መንደር ነው። ጨውን የሚቆፍሩት ባሮች ናቸው፤ ቅፍለትን ስናስውብ ይህን ባንሸፍነው ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ቀጥሎ ተሰረህላ በሚባል ቦታ ሦስት ቀን ያርፋሉ፤ አቁማዳቸውን ይጠግናሉ፣ ውሃ ይሞላሉ፣ ነፋሱ እንዳያደርቀው በላዩ ጆንያ ይሰፉበታል።

ከዚህ በኋላ ታክሺፍ ይላካል። ታክሺፍ ብቻውን ቀድሞ ወደ ወላታ የሚሄድ የመሱፋ ሰው ነው። የተጓዦቹን ደብዳቤ ይዞ ይደርሳል፤ የከተማው ሰዎች ቤት ያዘጋጃሉ፣ የአራት ሌሊት መንገድ ወጥተውም ውሃ ይዘው ቅፍለቱን ይቀበላሉ። ወላታ ውስጥ ወዳጅ የሌለው ተጓዥ በደግነቱ ለታወቀ አንድ ነጋዴ ይጽፋል፤ ነጋዴውም አያሳፍረውም። ታክሺፉ መንገድ ላይ ከሞተ ግን በከተማው ማንም ስለ ቅፍለቱ አያውቅም፤ ሁሉም ወይም አብዛኛው ያልቃል። ለኢብን በጡጣ ቅፍለት የተቀጠረው ሰው 100 ሚስቃል ወርቅ ተከፍሎታል፤ በዛሬ ሚዛን ከ400 ግራም በላይ ማለት ነው። አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ሌላውም የታመመ ነበር፤ ሆኖም መንገዱን ከሁሉ በላይ የሚያውቅ እሱ ነው። በሰባተኛው ሌሊት ሊቀበሏቸው የወጡ ሰዎችን እሳት አዩ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ዓይነ ደካማ ሰው፣ አንድ ከረጢት ደብዳቤ፣ ከማያውቁት ነጋዴ የሚጠበቅ ደግነት። ከዚህ ወዲያ ሽፍታ ምን ሊጨምር ነው?

በዚያው ጉዞ ሌላም አለ። አንድ ሰው ከአክስት ወይም ከአጎቱ ልጅ ጋር ተጣልቶ ወደ ኋላ ቀረ፤ ጠፋም። መንገድ ላይ ያገኙት ሌላ ቅፍለትም ሰዎች እንደጠፉበት ነገራቸው፤ ከጠፉት አንዱን ከትንሽ ቁጥቋጦ ሥር ሞቶ አገኙት፤ ልብሱን እንደለበሰ፣ አለንጋው በእጁ፤ ውሃው አንድ ማይል ያህል ቀርቶት ነበር።

ሒሳቡንም እንሥራ፤ እዚህ የሚሰንፍ ተራኪ ብዙ ነው። ሃያ ሰው በቀን አምስት አምስት ሊትር ቢጠጣ ለአሥር ቀን 1,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም አንድ ቶን ነው። አንድ ግመል 150 ኪሎ ቢጭን ሰባት ግመል ከውሃ በቀር ሌላ አይሸከምም። ስለዚህ ተጓዦቹ የሚያገኙት ነጋዴ በጨው ክምር ላይ ተቀምጦ የሚስቅ ሀብታም አይሆንም፤ እያንዳንዱን አቁማዳ በስም የሚያውቅ፣ እንግዳ ሲመጣ በልቡ የሚቀንስና የሚደምር ሰው ይሆናል። እንግዳን አለማጠጣት ነውር ነው፤ ማጠጣት ደግሞ ከአንዱ ግመል ነጂ ላይ መቀነስ ነው። ያ ሰው ምን ይላል?

ከአገራችንም እንጨምር። አርሆ የሚባሉት የትግራይ ጨው ጫኞች ወደ አፋር ምድር ወርደው አሞሌ ጭነው ሲመለሱ ኖረዋል፤ አሞሌውም እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። መንገዱ፣ ጉድጓዱና ግጦሹ ባለቤት ያለው ነው፤ «ባዶ በረሃ» የሚባለው ካርታ ላይ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ዳጉ አለ፤ ቆም ይላሉ ወይም አረፍ ይላሉ፤ ሰላሙ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ ከብቱ፣ ማን እንዳለፈና ምን እንደተሰማ ይጠያየቃሉ። ሐሰት ማቀበል ከባድ ነውር ነው፤ ወሬው ነገ የሌላው ሰው መንገድ ይሆናልና። በጨዋታችን አሁን ሕግ አድርገነዋል፤ ሁለት ቅፍለት ሲገናኝ ተራኪው ሦስት እውነተኛ ወሬ ይሰጣል፤ ተጓዦቹም ሦስት ይመልሳሉ። የዋሸ ሰው ወሬው ቀድሞት ከተማ ይገባል። ይህ አንድ ሕግ ከሃምሳ ገጽ የውጊያ ደንብ የበለጠ ጨዋታችንን ለውጦታል።

ዘራፊ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበረ፤ ነጋዴም ይሰጋ ነበር፤ በጎሣ ምድር ለማለፍ የከለላ ክፍያ የሚከፈልበት ምክንያትም አንዱ ይኸው ነው። ሽፍታ ስታስገቡ ግን የወንድማችንን ጥያቄ መልሱለት፤ ውሃ ከየት ይጠጣል? ማን ያውቀዋል? ክፍያው ለማን ቀርቶ ነው የተነሣው? ይህን ሲመልስ የሚገኘው ሰው ብዙ ጊዜ መነጋገር የሚቻልበት ሰው ነው።

አንድ ድንበር ግን አለኝ፤ የማይስማማ ወንድም በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ቁርኣንን፣ ነቢያትንና ሶሓባዎችን ወደ ጨዋታው አላስገባም። ዒባዳ የጠረጴዛ ማስዋቢያ አይደለም። አደቡ ግን ይግባ። ሦስት ሰው ሲጓዝ አንዱን አሚር እንዲያደርግ የተማርነውን በጨዋታው ሥራ ላይ አዋልነው፤ የቡድናችን ጭቅጭቅ በግማሽ ቀነሰ። (አሚሩ እኔ አለመሆኔ ሳይረዳ አልቀረም።)

በሁለተኛው ሙከራዬ ጓደኞቼ ባዶ ጉድጓድ አጠገብ የሰፈረ ቅፍለት አገኙ። ሃያ ሰው፣ አርባ ግመል፣ የሦስት ቀን ውሃ፤ ከተማው የአምስት ቀን መንገድ ነው። የላኩት ታክሺፍ ይድረስ አይድረስ አያውቁም፤ ሊቀበላቸው የሚገባው ሰው በቀኑ አልመጣም። ጭነቱ የቅፍለቱ አለቃ ንብረት አይደለም፤ ከብዙ ሰው በአደራ የተረከበው ጨው ነው። አንዱ ጓደኛችን «ጨውን ጥላችሁ ግመሎቹ ላይ ውጡና ገስግሱ» አለ። አለቃው (ማለትም እኔ) «የሰው ገንዘብ ነው» አልኩ። «የሰው ነፍስስ?» አለኝ። የሕክምና ተማሪው ወረቀት አውጥቶ ውሃውን ማካፈል ጀመረ። የአፋሩ ወንድማችን ከሁሉ በፊት ዳጉ ይጠየቅልኝ ብሎ፣ የመጨረሻው ዝናብ የት እንደዘነበ አወጣጣኝ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሲሆን አንድም ሰይፍ አልተመዘዘም ነበር።

የሕክምና ተማሪው ስሌቱን ሲጨርስ ካሉት ሰባት ሽምብራዎች አራቱን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋቸው። ሌሎቹ እስካሁን እያሰቡ ነው። የፊታችን ሐሙስ ከዒሻ በኋላ እንቀጥላለን፤ መምጣት የሚፈልግ ሽምብራውን ይዞ ይምጣ፤ ጥሬውን፣ የተቆላ አይሁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።