ጀቱን የሚመርጠው ማን ነው?

ሰሞኑን በካፌው ሰልፍ ላይ የተነሳ ክርክር እስከ ዶርም ተከትሎን መጣ። «አገር የጦር ጀት ሲያወዳድር የሚያሸንፈው ፈጣኑና ራዳሩ አርቆ የሚያየው ነው፤ የቀረው የሥራ ፈት ወሬ ነው» ይሉናል የኢንጂነሪንግ ወዳጆቻችን። እኛ ደግሞ ይህ የዋህነት ነው፣ ያውም አደገኛ የዋህነት ነው እንላለን።

እስቲ ብራዚልን እንይ። ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት ሦስት ነበሩ፦ የፈረንሳዩ ራፋል፣ የአሜሪካው ሱፐር ሆርኔት፣ የስዊድኑ ግሪፐን። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ሉላ ከሳርኮዚ ጎን ቆመው ከፈረንሳይ ጋር መደራደር መጀመሩን ሲያስታውቁ ነገሩ ያለቀለት መስሎ ነበር። በ2010 ግን የአየር ኃይሉ ግምገማ ግሪፐንን አንደኛ ማድረጉ በጋዜጣ ወጣ። እዚህ ላይ ወዳጆቻችን «አላልናችሁም!» ብለው ይዘላሉ። ይሁን፤ ታዲያ ያ ግምገማ ለምን አራት ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ተኛ? በ2013 አሜሪካኖች የፕሬዚዳንት ሩሴፍን ግንኙነት ይሰልሉ እንደነበር ተጋለጠ። ሴትዮዋ ወደ ዋሽንግተን ሊያደርጉት የነበረውን ጉብኝት ሰረዙ። በታኅሣሥ ወር ግሪፐን አሸነፈ፦ 36 ጀት፣ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። መንግሥት ምክንያቴ ብቃት፣ ዋጋና የቴክኖሎጂ ሽግግር ነው አለ። ውሸት ነው አንልም፤ እዚያው ብራዚል ውስጥ መገጣጠሙ ትልቅ ነገር ነው። ግን እኮ የዚያ የስዊድን ጀት ሞተር የጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው! በበር የሸኙት እንግዳ በመስኮት ገባ።

ይህ ነገር ለእኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባና ዋሽንግተን ሲቆራረጡ የአየር ኃይላችን ኤፍ-5 ጀቶች አሜሪካ ሠራሽ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። አብራሪዎቻችን በነዚያው ጀቶች ሚጎችን ጣሉ፤ መለዋወጫው ግን በተቀየመ ወዳጅ እጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚግ ተቀባዮቹ እኛው ሆንን። ያን ጊዜ ስለ ፍጥነት ማን ጠየቀ?

ስዊዞች ደግሞ ሕዝባቸውን ጠየቁ። በ2014 53.4 በመቶው ለግሪፐን ገንዘብ አንሰጥም አለ። በ2020 የጀቱ ዓይነት ሳይነገረው እስከ 6 ቢሊዮን ፍራንክ ፍቀድ ተባለ፤ 50.1 በመቶው እሺ አለ። በ2021 ኤፍ-35 ተመረጠ፤ ዋጋው ቁርጥ ነው ተባለ። በ2025 አሜሪካ ቁርጥ አይደለም አለች። አንዴ ከገባችሁ በኋላ መውጫው በስንት ይገኛል? ይህን የትኛው ራዳር ያሳያል?

የኢንጂነሪንግ ወዳጆቻችን መልስ ካላቸው የሚቀጥለው እትም ክፍት ነው። ስለ ሞተሩና ስለ መለዋወጫው ጻፉልን፤ ስለ ፍጥነት ግን በካፌው ሰልፍ ላይ በቂ ሰምተናል።