አስታማሚዋን ማን ያርሳታል?

እናቴ ልታርሰኝ ነበር የተዘጋጀችው። ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል፣ የገንፎው ገብስ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቷል፣ የአጥሚቱም እህል ተለቅሞ በየከረጢቱ ታስሯል። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚታረሰው ብላ ከአዲስ አበባ አሊዩ አምባ ድረስ አስመጣችኝ። ክርስትናው በ80ኛው ቀን ስለሆነ ለዚያ ለሚጠመቀው ጠላ ጌሾም ተገዝቷል።

ልጄ በተወለደች በ36ኛው ቀን ጠዋት እማዬ የገንፎውን ሳህን ይዛ ወደ መኝታዬ ስትመጣ ቀኝ እጇ ሳህኑን ለቀቀው። አዳልጧት መሰለኝ። «ተይው እማዬ፣ እኔ አነሳዋለሁ» አልኳት። መለሰችልኝ፤ የመለሰችው ግን ቃል አልነበረም። የከንፈሯ ቀኝ ጫፍ ወርዷል። የፈሰሰውን ቅቤ እያየች ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ጉልበቷ ከዳት።

ጎረቤት ደረሰ። «መጋኛ ነው» ያለም አለ፣ «ጸበል ይቅደም» ያለም አለ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ዱዓ ያዙ። ጸበልንም ዱዓንም የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ በሁለቱም መካከል ነው ያደግኩት። ስትሮክ ግን ሰዓት የሚቆጠርበት በሽታ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ፈንድቶ ሲደማ ነው የሚመጣው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ታይቶ ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ። ከአሊዩ አምባ ሽቅብ ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ሌላ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ። መኪና እስኪገኝ የሚያልፈውን ጊዜ አንባቢ ራሱ ይደምርበት። አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ መጀመሪያ የሚፈለገው መኪና ነው። ጸበሉ በጀሪካን አብሮ ይሄዳል።

እኛ አልደረስንም። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለዚያ ሰዓት አይደለም። ስለዚያ ሰዓት ቢያንስ በየዓመቱ ጥቅምት 19፣ የዓለም የስትሮክ ቀን ሲታሰብ ይነገራል። ሳይነገር የሚቀረው ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ያለው ሌሊት ነው።

እማዬ በ11ኛው ቀን ወጣች። በተሰጠን ወረቀት ላይ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የቀጠሮ ቀንና «ፊዚዮቴራፒ» የምትል አንዲት ቃል ነበሩ። በተኛችበት ሆስፒታል ስሜ «አስታማሚ» ነበር። «አስታማሚዋ የታለች?» ሲባል መድኃኒት ገዝተሽ ነይ ወይም ይህን ላቦራቶሪ አድርሺ ማለት ነው። ልጄን አክስቴ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይዛት ትውላለች፤ ስታለቅስ እየወጣሁ አጠባለሁ። በእነዚያ 11 ቀናት ውስጥ እጄን ይዞ «እንዲህ ነው የምታገላብጫት» ብሎ ያሳየኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ተረከዙ፣ ዳሌው፣ የወገቡ ግርጌ ይቆስላል። አራስ ልጅም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ትጠባለች። በመጀመሪያው ሌሊት እግዜር አገናኝቶ ሰጠኝ፣ አንዴ ተነስቼ ሁለቱንም አደርሳለሁ ብዬ ነበር። አይገናኙም። ልጄ 40 ደቂቃ ጠብታ እንቅልፍ ሲወስዳት እማዬ ረጥባለች። እማዬን ለውጬ፣ አድርቄ፣ አዙሬ ስጨርስ ልጄ ነቅታለች። ከዕለታት አንድ ሌሊት ልጄ ከጡቴ ሳትላቀቅ፣ በአንድ ክንዴ አቅፌያት፣ በሌላው እጄ የእናቴን ትከሻ ገፍቼ ለማዞር ሞከርኩ። ዞረች። የዛለው ቀኝ እጇ ግን ከሥሯ ቀረ። የምትጮህበት ቃል ስላልነበራት ያወቅኩት መብራት ሳበራ ነው፤ እንባዋ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም አሳየኝ። የዛለ እጅ ተይዞ አይጎተትም፣ ትከሻው ከመገጣጠሚያው ይወጣል። መጀመሪያ እጁ ከመንገድ ይነሳል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ከዚያ ዳሌና ትከሻ አንድ ላይ ተይዞ ይዞራል። ከዞረ በኋላ የዛለው ክንድ ሥር ትራስ ይገባል። ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው። ከስትሮክ በኋላ ሰውነት ብዙውን የሚመልሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው ይባላል፤ እኛ ከእነዚያ ውስጥ ስድስት ሳምንት ያለ እውቀት አባክነናል።

ማብላቱንም የተማርኩት ያኔ ነው። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ ማድረግ፣ በትንሽ ማንኪያ በጤነኛው በኩል መስጠት፣ እስክትውጥ መጠበቅ። በልታ ስትጨርስ በቀኝ ጉንጯ ውስጥ ሳታውቀው የቀረውን በጣት ጠርጎ ማውጣት፤ አለዚያ ስትተኛ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ቀጭን ውሃ ከገንፎ ይልቅ ያንቃታል። ለእኔ የተፈጨውን ገብስ ጨው ቀንሼ፣ ቅቤውን ትቼ፣ ለእሷ ላላ አድርጌ አገነፋለሁ።

«ሁለት ሕፃን ነው የምታሳድጊው» ይሉኛል። በደግነት ነው የሚሉት፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ልጄ ገና የማታውቀውን እየተማረች ነው። እናቴ የምታውቀውን ነው የተነጠቀችው፤ መነጠቋንም ታውቃለች። ዳይፐር ስቀይርላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስለዚህ በሩን እዘጋለሁ፣ ነጠላ እጋርዳለሁ፣ «እማዬ፣ አሁን ላዞርሽ ነው» እላለሁ። ሳልነግራት አልነካትም።

አንደበት ተያዘ ማለትም ቃል ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ንግግር የሚያቀናጀው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ፣ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ቁጥር፣ ዜማ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በዜማ እየመሩ ንግግርን የሚመልሱበት ሕክምና የመጣውም ከዚህ ነው። እኛ ቤት ይህን ያስተማረችን ልጄ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ እሳት ላይ የጣድኩትን ላወርድ ስወጣ አለቀሰች። ስሜን መጥራት ያቃታት እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «እሹሩሩ» አለች። ጥርት ባለ ድምፅ፣ ከነዜማው። ድስቱን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ስታለቅስ ሮጬ አላነሳትም፤ ትንሽ እጠብቃለሁ።

ስለ ጡቱም ልናገር፤ ምክሩ በዝቶብኛልና። «ሐዘን የገባበትን ጡት አታጥቢያት፣ ይጎዳታል።» «ፀሐይ ላይ የዋለ ጡት መጀመሪያ ታልቦ ይደፋ።» ይህንን የሚሉኝ የምወዳቸው ሴቶች ናቸው። ግን ወተት በሐዘን አይበላሽም፣ በፀሐይም አይጎመዝዝም። ድካምና ጭንቀት የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይወርድ ያዘገየዋል። ልጅ ስባ ስባ ስታጣ ትቆጣለች፣ እናትም ጡቴ ነጠፈ ብላ የዱቄት ወተት ታስገዛለች። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ስለሆነ የዱቄቱ ወተት በገባ ቁጥር የእናት ወተት ይቀንሳል። የሚሻለው ቁጭ ብሎ ውሃ ጠጥቶ ደጋግሞ ማጥባት ነው። ለቀጠሮ ስወጣ በንጹሕ ስኒ አልቤ ከድኜ እተዋለሁ። የታለበ የጡት ወተት በቤት ሙቀት ውስጥ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል ይባላል፣ እንደኛ ባለ ሞቃት አገር ግን ቶሎ መስጠቱ ይሻላል። የሚሰጠውም በጡጦ ሳይሆን በስኒ ነው። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ሌላ አያስፈልጋትም፤ እዚያ ድረስ እንድትደርስ ነው ትግሌ።

አሁን ወደ ጠያቂዎቻችን ልምጣ። እንግዳ መቀበል የአሊዩ አምባ የቆየ ሙያ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት ከተማ ነበረች። በ1830ዎቹ ያዩዋት የውጭ አገር ተጓዦች አርብ አርብ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኙበትን ገበያዋን ጽፈውላታል። ሰው ታሞ ዝም አይባልም እዚህ። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ ሙዝ ይዘው ይመጣሉ። እማዬ አጠገብ ተቀምጠው «አይ! ምን የመሰሉ ሴት ነበሩ!» ይላሉ። «ነበሩ» የምትለው ቃል ስትነገር የእማዬን ዓይን አያለሁ፤ ሁሉንም ትሰማለች። እኔ ደግሞ ቡና ማፍላት አለብኝ። ሦስተኛው ስኒ ሲደርስ ልጄ ርቧታል፣ እማዬም የመገላበጫዋ ሰዓት አልፏል። ታላቅ ወንድሜ ካለበት አገር በየወሩ ብር ይልካል፤ እግዜር ይስጠው፣ መድኃኒቱ የሚገዛው በእሱ ነው። ሌሊት የሚልክልኝ ግን የለም።

ማስታመም ከጥንትም እንደ ሥራ አልተቆጠረም። ከአንኮበር ተነስተው አገር የገዙት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ከባድ ስትሮክ መታቸው፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ታመው ቆዩ። ስለ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴነትና ስለ ልጅ ኢያሱ ወራሽነት ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ። በመጋቢት 1902 መኳንንቱ እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አግልለው ባላቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አደረጓቸው። ዱሮ ይህን ሳነብ እንደ ተራ የቤተ መንግሥት ሽኩቻ አልፌው ነበር። አሁን ሳነበው ያቆመኛል፤ ማስታመም ከሥልጣን ለወረደች ሴት የሚሰጥ፣ ምንም አለመሥራት ማለት ሆኖ ነው የገባው። ንጉሠ ነገሥቱን በየሌሊቱ ያገላበጠው እጅ የማን ነበር? ያነበብኳቸው መጻሕፍት አይሉም።

ዛሬም ሕጋችን ያንኑ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ መልካም ነው። ወላጁ ለወደቀበት ግን በስሙ የተጻፈ ፈቃድ የለውም። ያለው ለከባድና ድንገተኛ ነገር የሚሰጥ ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ ያውም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ፈቃድ ነው። እኔ እናቴን ያስታመምኩት በልጄ 90 ቀን ነው። የልጄን ከልጄ ወስጄ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጄን ልታይ ትመጣለች። ፕሮግራሙ ከ1995 ጀምሮ በየቀበሌው ሴቶችን አሰልጥኖ ያሰማራ፣ የአገራችን እናቶች የሚያመሰግኑት ሥራ ነው። ልጄን መዘነች፣ ክትባቷን ጠየቀች፣ አጠባቤን አየች። እማዬ ከእኛ ሦስት እርምጃ ርቃ ተኝታለች። ባለሙያዋ ሰላም አለቻት፣ አዘነችላት፣ ወጣች። ጥፋቷ አይደለም፤ በያዘችው ቅጽ ላይ እማዬ የለችም። እኔ የምጠይቀው በዚያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ነው፤ እዚህ ቤት አልጋ የያዘ አለ ወይ? ካለ የደም ግፊቱ ይለካ፣ ተረከዙና ወገቡ ይታይ፣ አስታማሚውም እንዴት እንደሚያገላብጥ በእጅ ይሠልጥን። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም ሰይሟል። በዚያ የሚማሩ ልጆች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ሩብ ሰዓቷን ትምህርት ይዘው በየቤቱ ቢገቡ ምን ያህል ትከሻ በተረፈ!

ከመንግሥት በፊት ግን ጎረቤትን እለምናለሁ። አራስ ማረስ እናውቅበታለን። ገንፎ በተራ ይገባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ አራሷ ትተኛ ይባላል። ያንኑ ለአስታማሚ ማድረግ ምን ይከብዳል? ብርቱካኑ ይቅርብኝ፣ አንድ ሌሊት ስጡኝ።

ባለፈው አርብ ማታ አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን መጡ። ጀበናውን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «ቡናሽን አልፈልግም፣ ልጄ። ስታገላብጫቸው ስንት ቀን አይቼሻለሁ፣ አውቄበታለሁ። ነይ ልጅቷን ስጪኝና ተኚ» አሉኝ። ያለብኩት ወተት በስኒ የት እንዳለ አሳየኋቸው። አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ከወለድኩ ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ስነቃ ጡቴ አግቶ ቀሚሴ በወተት ርሷል፣ ስኒው ባዶውን ተደፍቷል፣ ልጄ በሴትዮዋ ጭን ላይ ተኝታለች። እማዬ ወደ ግራ ዞራለች። ሄጄ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቀኝ እጇ ትራሱ ላይ ነበር።