ባሕር መዝገባችን ወደ ኮምፒዩተር ይግባ ወይስ አይግባ?



እንደሚታወቀው ባለፈው ስብሰባ «ሒሳባችን በኮምፒዩተር ይያዝ» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ግማሹ ሲደግፍ፣ ግማሹ ደግሞ «የሰው ገንዘብ በማሽን አይታመንም» ብሎ ሲቃወም፣ ነገሩን ሳንቋጭ ተለያይተናል። እኔ ጸሐፊው ይግባ ከሚሉት ወገን ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም ኤክሴል የሚባለውን ከጎረቤት ልጅ ዘንድ ቁጭ ብዬ ተምሬዋለሁና ላላያችሁት ላስረዳ። ከዚያ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ነገሩ ከባሕር መዝገባችን ብዙም አይለይም። ወደ ጎን መስመር፣ ወደ ታች ዓምድ አለው። ሁለቱ የሚገናኙበት እያንዳንዱ ሳጥን አድራሻ አለው፤ ዓምዱ በእንግሊዝ ፊደል፣ መስመሩ በቁጥር ይጠራል። በአንዱ መስመር የአባሉን ቁጥርና ስም፣ ቀጥሎ ከመስከረም እስከ ነሐሴ የከፈለውን እንጽፋለን። በመጨረሻው ሳጥን የእኩል ምልክት አስቀምጠን «ከዚህ እስከዚህ ደምር» ብለን ብናዘው ይደምራል። ቁም ነገሩ ግን መደመሩ አይደለም፤ መደመርማ ካልኩሌተርም ይደምራል። የአንዱን ወር ቁጥር ብናርም የአባሉ፣ የወሩና የዓመቱ ድምር በዚያው ቅጽበት አብረው ይታረማሉ። በወረቀት ቢሆን ገጹን ሁሉ እንደገና መደመር ነው። ለምሳሌ 200 አባወራ በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት 120,000 ብር ነው፤ ይህም 2,400 ጊዜ ይመዘገባል። በዚህ ሁሉ መሐል ዓይን አይስትም የሚል ካለ እስቲ አንድ ወር መዝገቡን ይያዝልኝ።

ትናንት የመጣ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ቪዚካልክ ብለው ለግል ኮምፒዩተር የመጀመሪያውን ለገበያ አወጡ። ኤክሴል በ1985 መጣ። ሊብሬኦፊስ የሚባል በነጻ የሚገኝም አለ፤ ስለዚህ «ገንዘብ ያስወጣናል» የሚለው ክርክር ለእኔ አይገባኝም።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል እለፋለሁ? ለሐዘን ቀን ብዬ ነው። ሰው ሞቶ ድንኳን ሊተከል ሲል «ሦስት ወር አልከፈለም»፣ «ኧረ ከፍሏል» የሚል ጭቅጭቅ በሬሳ ፊት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ባሏ የሞተባት ሴት በዚያ ሰዓት ደረሰኝ ፍለጋ ሣጥን ትበርብር እንዴ? ኮምፒዩተሩ ሁለት ወር ያለፈውን ሁሉ በቀይ እንዲያሳየን ማዘዝ ይቻላል። ሰውዬው በሕይወት ሳለ፣ በደህና ቀን፣ ቤቱ ሄደን በቀስታ እንነግረዋለን ማለት ነው።

የሚቃወሙት አባቶች ግን ባዶ ነገር አላወሩም። ወረቀት ላይ 50 የነበረውን 500 ያደረገ ሰው ስርዙ ይታያል፤ በኮምፒዩተር ግን ብዙውን ጊዜ ጭረት እንኳ አይተውም። ይኸ ትልቅ ነገር ነው። ትልቅ መንግሥትም ተሳስቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ አገር 15,841 በኮቪድ የተያዙ ሰዎች ውጤት በወቅቱ ሳይቆጠር የቀረው አሮጌው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይቀበል ነው ተብሏል።

የእኛ የራሳችን ጣጣም አለ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ የካቲት እንጂ ጥቅምት አይመስለውም፤ የእነሱ ሁለተኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ቀን አይቆጥረውም። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። ስለዚህ ወሩን በስሙ፣ ቀኑን ለብቻው እንጽፋለን። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለእሱ ሁለት ናቸው። በመሆኑም አባል በስም ሳይሆን በቁጥር ይታወቅ እላለሁ።

«መብራት ሲጠፋስ?» ላላችሁኝ፤ ጣና በለስ አጠገባችን ሆኖ መብራት መጥፋቱን እኔም አልወደውም። ቢሆንም ላፕቶፕ በባትሪ ይሠራል፤ መዝገቡም በመሣሪያው ውስጥ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ እንዲህ ያለው መዝገብ ምንም አይነካውም ነበር። ወረቀትስ ቢሆን የሐይቁን እርጥበትና የክረምቱን ጣሪያ ፍሳሽ መቼ ይችላል?

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸ ነው። ደረሰኝ መቁረጥ አይቅር። በየወሩ መጨረሻ ሰንጠረዡ በወረቀት ታትሞ ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ተቆጣጣሪው ይፈርሙበትና በፋይል ይቀመጥ፤ በኋላ ቁጥር የለወጠ ሰው ቢኖር ከፊርማው ወረቀት ጋር ይፋጠጣል። ቅጂው በፍላሽ ተቆጣጣሪው እጅ ይሁን፤ በእኔ እጅ ብቻ መሆኑን እኔ ራሴ አልፈልገውም። የተሰበሰበውና የወጣው ድምር በዚህ ሰሌዳ ይለጠፍ። ያልከፈለ ሰው ስም ግን አይለጠፍ፤ ማን ምን እንደቸገረው አናውቅም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱም በሌላ ገጽ ይመዝገቡ፤ የት እንደሚገቡ እየጠፋን ነው።

ጉባኤው ከተስማማ መጀመሪያ የየአባሉ ያለፈ ሒሳብ መስተካከል አለበትና፣ የቆዩ ደረሰኞቻችሁን ከወዲሁ ፈልጋችሁ አቆዩ። ደረሰኝ የጠፋበትም ይምጣ፤ ከባሕር መዝገቡ ጋር አብረን እናያለን።

የዕድሩ ጸሐፊ