«የወፍ በሽታ» የሚለው ስም አያዘናጋን
(ስለ ሐሞት ቧንቧ ነቀርሳ)

በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል። ወዲያው የሚፈለገውም ሐኪም ሳይሆን ቅጠል የሚያውቅ ሰው ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ስም ራሱ ሰውን ይጎዳል።

ምክንያቱን እናስረዳ። ጉበት የሚሠራው ሐሞት በቀጭን ቧንቧ ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ ጮማ እንዲፈጭ ይረዳል። ቧንቧው ሲዘጋ ሐሞቱ መውረጃ አጥቶ ቀለሙ ወደ ደም ይገባል። ያን ጊዜ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ሰገራ ግን ቀለሙን የሚያገኘው ከሐሞት ነውና ይነጣል፤ ገላም ያሳክካል። እንግዲህ ቢጫነት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። የጉበት ብግነት፣ ጠጠር ወይም የሐሞት ቧንቧ ነቀርሳ ሊያመጣው ይችላል። ከጉበት ብግነት አንዳንዱ ዓይነት በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስደዋል። ነቀርሳው እንዲህ አይለቅም። ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይጀምራል፤ የመዳን ተስፋ የሚኖረውም ሳይዛመት ተደርሶበት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ነው። ከዘገየ አብዛኛውን ጊዜ የሚቻለው ቧንቧውን ከፍቶ ሥቃይን ማቅለልና ዕድሜን ጥቂት ማራዘም ብቻ ነው።

አሁን የፍስሐ ገነትን ገበሬ እናስብ። ዓይኑ በመስከረም ቢጫ ቢሆን «ቡናው ይለቀምና ይሸጥ፤ ከዚያ እሄዳለሁ» ቢል አይፈረድበትም፤ የዓመት ጉርሱ ከቡናው ነው። እስከዚያው ቅጠል ይጠጣል፤ ወራትም ያልፋሉ። ዲላ ሆስፒታል አለ፤ ሆድን በአልትራሳውንድ ማየትም ቧንቧው መዘጋቱን ሊያሳይ ይችላል። በእኛ ግምት ሰውየውን ከቤቱ የሚያስቀረው የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ «የታወቀ በሽታ ነው» የሚለው እምነት ጭምር ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ይህ ነቀርሳ እጅግ የበዛው በጥሬ ዓሣ በሚተላለፍ ትል ምክንያት ነው፤ ስለዚህም ሕዝቡን ዓሣ አብስሎ እንዲበላ ያስተምሩታል። ለእኛ ከሚያሰጉን አንዱ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። ክትባቱ ለአገራችን ሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ወላጆቻችን በልጅነታቸው አላገኙትም።

ወንድሞችና እኅቶች! ቅጠል የሚያውቁትን ሽማግሌዎች መናቅ አይገባንም፤ ይልቁንም ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሁሉ አስቀድመው ወደ ሐኪም እንዲልኩ እንለምናቸው። በዕረፍት አገራችን ስንገባ ሽንቱ ጠቁሯል ወይ፣ ሰገራው ነጥቷል ወይ፣ ገላው ያሳክከዋል ወይ፣ ከስቷል ወይ ብለን እንጠይቅ። ማኅበራችንም የሕክምና ተማሪዎችን ይዞ በገበያ ቀን በጌዴኦኛ ቢያስተምር ወጪው ትንሽ ነው። ቡናው እስኪሸጥ አንጠብቅ።