ሐኪሟ «ሲስተር» ስትባል

ከዱራሜ፥ ከሾኔና ከዶዮገና የሚመጡት መኪናዎች ሆሳዕና መናኸሪያ ሲገቡ፥ ከሚወርዱት መካከል ወደ ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ አይጠፋም። የሚሄዱበትም ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተሰየመ ነው። እሌኒ የሐድያ ልጅ ሆነው የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት የሆኑ፥ በኋላም ልብነ ድንግል በልጅነቱ በነገሠ ጊዜ መንግሥቱን የመሩ፥ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት መሆናቸውን ሁላችንም ተምረናል። የሴት ስም በበሩ ላይ ተጽፎ እያለ፥ በኦፕራሲዮን ክፍል ምላጭ የያዘች ሴት ማየት ባላስደነቀን ነበር። ነገር ግን ያስደንቀናል።

ከመካከላችን አንዲት የሕክምና ተማሪ ለልምምድ በተላከችበት በአንድ ሆስፒታል የደረሰባትን አጫውታናለች። ሌሊቱን ሙሉ ከቀዶ ሐኪሙ ጎን ቆማ ስትረዳ አድራ፥ ጧት በሽተኛውን ልትጠይቅ ብትገባ ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ሲስተር፥ ዶክተሩ መቼ ይመጣል?» አሏት። ከኋላዋ የገባው፥ በትምህርት አንድ ዓመት የምትቀድመው ወንድማችን ግን ወዲያው «ዶክተር» ተባለ። ነርስነት የተከበረ ሙያ ነውና በስሙ የሚያፍር የለም፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ሳቃችን የቆመው የቀረውን ስትነግረን ነው። የተረኞች መኝታ አንድ ብቻ ሆኖ ወንዶች ስለሚተኙበት እርሷ ወንበር ላይ ታድር ነበር። የእጅ ጓንቱም ሰባት ተኩል ቁጥር ብቻ ስለነበረ፥ ለስድስት ተኩል እጅ ጣቱ ላይ እየተጨማደደ ክሩን ለመያዝ አስቸገራት። ከዚያም «እጅሽ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም» ተባለች!

«ሴት ይህን ሥራ አትችልም» ለሚሉ ወገኖች መልሱ ሩቅ አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1962 ፊስቱላ ይዟቸው ወደ ሐኪሞቹ ሐምሊን ባልና ሚስት የመጡ፥ የቀለም ትምህርት ያልነበራቸው የገጠር ሴት ነበሩ። ድነው እዚያው ቀርተው፥ በማየትና በመርዳት ኦፕራሲዮኑን ራሳቸው ለመሥራት በቁ፤ ለሐኪሞችም አሳዩ። በ1989 ከሐምሊኖች ጋር ከእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። በውጭው ዓለምም ጄምስ ባሪ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በ1826 በኬፕ ታውን የአንዲት እናት ሆድ ከፍቶ እናትንም ልጅንም አትርፎ ነበር፤ በ1865 ሲሞት ነው አስከሬኑ የሴት መሆኑ የተነገረው። ከዚያ ወዲህ መደበቅ ቀርቷል፤ ጥርጣሬው ግን አልቀረም።

ዋናው ችግር ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ይመስለናል። ከሕክምና ትምህርት በኋላ የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን፥ እነዚያ ዓመታት እናቶቻችን «መቼ ነው የምታገቢው? መቼ ነው የምትወልጂው?» የሚሉባቸው ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፥ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ቢኖርም ተተኪ ተረኛ ካልተመደበ፥ ሌሊቱ በባልደረቦቿ ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም የሚቀየሙት መዝገቡን ባወጣው ሰው ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ ነው።

ሐድይሳ ወይም ከምባትኛ ብቻ የምትናገር እናት ቋንቋዋን የምታውቅ ሴት ሐኪም ብታገኝ ሕመሟን ሳታፍር እንደምትናገር የታወቀ ነው። ይህን ስንል ግን «እንግዲያስ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ማሕፀን ሕክምና ይሂዱ» የሚል እንዳይነሣ እንሰጋለን። አጥንት መጠገን የምትወድም አለች።

ከምባታ ራሷ ቦጋለች ገብሬን አፍርታለች። ውኃ ልትቀዳ ወጣሁ እያሉ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩት እኅት ኢየሩሳሌም ድረስ ተምረው፥ እ.ኤ.አ. በ1997 በትውልድ አገራቸው የሴት ልጅ ግርዛትን የሚቃወም ድርጅት አቋቋሙ። በ2019 ዐርፈዋል። የእርሳቸው ታናናሾች ዛሬ በመማሪያ ክፍላችን ተቀምጠዋል።

በዚህ ዓመት የሚመረቁት እኅቶቻችን በቅርቡ የወደፊት ሙያቸውን ይመርጣሉ። አንዳንድ መምህራን በቅን ልቡና «ቀለል ያለውን ያዢ» እያሉ እንደሚመክሩ ሰምተናል፤ ለወንዶቹ ይህን ምክር የሰጠ መምህር ግን አልሰማንም። ስለዚህ ለሴት ተረኞች የሚቆለፍ መኝታ፥ በየቁጥሩ ጓንት፥ ለወላድም ተተኪ ተረኛ በጽሑፍ እንዲመደብ ለሚመለከታቸው ደብዳቤ ጽፈናል። መልሱ ሲደርሰን፥ ምንም ዓይነት ቢሆን፥ ሳንቀንስ እናትመዋለን።