ጨዋታው የእኛ፣ ዕዳው የተማሪዎቻችን

ወጣት መጫወት የለበትም ከሚል ሰው ጋር አንስማማም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲያነብና ሲጽፍ የሰነበተ አእምሮ ማረፍ አለበት። የዛሬው ጥያቄያችን ሌላ ነው። ለመሆኑ ጨዋታው ሲያልቅ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

በእኛ ዕድሜ ያለ ወጣት "እንዝናና" ሲል ብዙ ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን። ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማታ ጨብሲ! ሰበብም አይጠፋም፤ "ለጥናት ነው፣ ፈተና ደርሷል" ይባላል።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ካቲኖን እንቅልፍንና ረሃብን ያባርራል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ አፍን ይፈታል። በምርቃና ሰዓት የማይሠራ ፎቅ የለም፤ ጠዋት ሲፈለግ ግን መሠረቱም አይገኝ። የተባረረውን እንቅልፍ ለመመለስ ደግሞ መጠጥ ይጨመራል። ሌሊቱ በዱካክ፣ ጠዋቱ በድካም ያልፍና በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ ሐራራው ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ጫትን ጥገኝነት ከሚያስከትሉ ዕፆች መካከል መድቦታል። መጠጡንም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከመካከላችን ስንቱ ነው 21 ዓመት የሞላው?

"ጫት እኮ ስንት ገበሬ ልጆቹን የሚያስተምርበት ነው" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ከገበሬው ጋር ጠብ የለንም። ነገር ግን እኛ ዕጩ መምህራን ነን። ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ፊታችን የሚቀመጡት የሰባትና የስምንት ዓመት ሕፃናት ናቸው። እንቅልፍ ያጣ መምህር ቶሎ ይቆጣል፤ ደብተሩን በወጉ ሳያርም ይመልሳል። ሕፃኑ መምህሩ የት እንዳመሸ ከየት ያውቃል? "ስለጠየቅሁ ነው የተቆጣኝ" ብሎ ያስብና ዳግመኛ እጁን አያወጣም። የእኛን የማታ ጨዋታ ሒሳብ የሚከፍለው እንግዲህ እሱ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ምክር ብቻውን አይበቃም። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ጭር ሲል ወጣቱ የት ይሂድ? የተቀደደው የመረብ ኳስ መረብ ይጠገን። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ከሰዓትም ይከፈት። የድራማና የሙዚቃ ክበቡ የወላጆች በዓልን ብቻ አይጠብቅ። እኛም የሚቅመውን ጓደኛችንን አናግልለው፤ ሐሜትና ግልምጫ ማንንም ከሱስ አላወጣም። "ና እንቃም" ሲለን "ይልቅ አንተ ና፣ ቡድናችን ሰው ጎድሎታል" እንበለው። አንድ ቀን እምቢ ቢል በሚቀጥለው እንድገመው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በሉ እንግዲህ፣ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ሜዳው ላይ እንገናኝ!